የቮልስን የኋላ እግር መቀየር፦ ከአሮጌው ሻፍት ወደ ባለ ሁለት ሲቪው

ከደንገጎ ወደ ድሬ በቮልስ የወረደ ሰው የምለው ይገባዋል። ስትወጣ ችግር የለም። ሞተሩ ይጮሃል፣ አንተ ትታገሳለህ፣ ይወጣል። ጉዱ ሲወርድ ነው። ጥምዙ ውስጥ ገብተህ መሐሉ ላይ እግርህን ከነዳጁ ድንገት ካነሳህ ኋላው ብድግ ይላል፣ የውጪው ጎማ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መኪናው በጎማው ጠርዝ ላይ ቆሞ ቂጡ ሊቀድምህ ይፈልጋል። እኔን ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎኛል። በሁለተኛው ከኋላዬ ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር ፒክአፕ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ የኋላውን እግር (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘውን ክፍል) ሳልቀይር ይህን መንገድ አልነካውም አልኩ።

የኔ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል 1300 ነው። ሞተሩ አሁን 1600 ሆኗል፣ ፓራፋንጎው ተቆርጧል፣ ጎማው ሰፍቷል። እዚህ ሰፈር ሆት ሮድ የምንለው ይሄንን ነው። ግን አቦ፣ ጉልበት ጨምረህ የኋላውን እግር እንደነበረ ከተውከው አደጋውን ነው ያሳደግከው።

የድሮው አሠራር ስዊንግ አክስል ይባላል። ሻፍቱ የሚተጣጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው። ጎማው ጋ መተጣጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ እንደ በር ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይንቀሳቀስም። አዲሱ ግን በእያንዳንዱ ሻፍት ላይ ሁለት ሁለት ሲቪ ጆይንት (እየተጣጠፈ የሚዞር መገጣጠሚያ) አለው፣ አንዱ ካምቢዮው ጋ፣ አንዱ ጎማው ጋ። ጎማውን የሚይዘው ሰያፍ አርም፣ ማለትም በሰያፍ የታሰረ የብረት ክንድ ነው። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ዘንበል የሚለው በጥቂቱ ብቻ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህንን በ1302 እና በ1303 ላይ አድርጎታል፣ ወደ አሜሪካ የላካቸው ላይ ደግሞ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ። አገራችን የገቡት 1200 እና 1300 ግን ብዙዎቹ አሮጌው ናቸው። ስለዚህ የምትሠራው ነገር ፋብሪካው ያሰበበት ነው፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

መጀመሪያ ዕቃውን ሰብስብ

ሙሉ ዕቃ ሳይኖርህ መፍቻ አታንሳ። ግማሽ ዕቃ ይዞ የተፈታ ቮልስ ግቢ ውስጥ ዓመት ይቆማል፣ ከሥሩ ዶሮ ይራባል።

የሚያስፈልግህ ይሄ ነው፦ ሁለት ሰያፍ አርም ከነኩሽኔታውና ከጎማ አክስሉ፣ ሁለት ረጅም ስፕሪንግ ፕሌት (አርሙን ከተጠማዛዡ ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ጠፍጣፋ ብረት)፣ ሁለት ሻፍት ከአራት ሲቪ ጋር፣ አርሙ የሚታሰርባቸው ሁለት ጆሮዎች፣ የጎን ፍላንጅ (ሲቪው በብሎን የሚታሰርበት ክብ ብረት) ያለው ካምቢዮ። ከተቻለ ከአንድ መኪና የወጣ ሙሉ ዕቃ ግዛ። ከየቦታው የተለቀመ ዕቃ ርካሽ ይመስላል፣ ግን ሲቪው 94 ሚሊ ሜትር፣ ፍላንጁ ደግሞ የኮምቢ (የቮልስ ሚኒባስ) ሆኖ 100 ሚሊ ሜትር ሊመጣብህ ይችላል። ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት በካሊፐር ለካ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚገዛልህ ሰው ስልክ ደውለህ «የቮልስ ሲቪ» ብቻ አትበለው፣ ቁጥሩን ንገረው።

የኮምቢውን አርም ይዘህ እንዳትመጣ። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ኮምቢውም ባለ ሁለት ሲቪ ስለሆነ ሰው «ያው ነው» ይልሃል። ያው አይደለም። የኮምቢው ካምቢዮም አፍንጫውና መያዣው ይለያል፣ ትንሹ ቮልስ ውስጥ እንዲሁ አይገባም።

የራስህን ካምቢዮ ማቆየት ከፈለግክ ይቻላል፣ ግን ሆዱ መከፈት አለበት። አሮጌው ሻፍት ጫፉ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ነው። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ሁለት ጠፍጣፋ ነሐስ መሰል ቁራጮች መሐል እየተንሸራተተ ይሠራል። አዲሱ ደግሞ ጥርስ ያለው ነው። ስለዚህ የዲፈረንሻሉ የጎን ጥርሶችና የጎን ክዳኖች ይቀየራሉ። ይሄንን ከዚህ በፊት ዲፈረንሻል ገጥሞ ለማያውቅ ሰው አትስጥ። ክፍተቱ ካልተስተካከለ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይበላል።

ቸርኬውንም እይ። አሮጌው ባለ 5 ብሎን ነው፣ የአዲሱ ሞዴል ታምቡር ባለ 4። ፊት 5 ኋላ 4 ከሆነ የምትይዘው ትርፍ ጎማ ለአንዱ ጫፍ ብቻ ይሆናል። ደንገጎ ላይ የፊት ጎማ ሲፈነዳብህ ነው ትዝ የሚልህ። ወይ ፊቱንም ቀይር፣ ወይ ታምቡሩን ቶርኖ ቤት ወስደህ ለ5 አስበሳው፣ ግን ሥጋው ይበቃ እንደሆነ ባለሙያው ይየው።

አፈታቱ

ድሬ ላይ ለዚህ ሥራ ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ አንተም ትቸኩላለህ። ይሄ ሥራ ደግሞ የሚቸኩል ሰው አይፈልግም።

ባትሪውን አውጣ። ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው፣ ብየዳው የሚካሄድበት ቦታ አጠገብ። ወንበሩንም አውጣ፣ ውስጡ ያለው ሞልቶ የተጠቀጠቀ ደረቅ ነገር በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል። ነዳጅ ታንኩ ፊት ቢሆንም የነዳጁ ቱቦ በመሐለኛው የብረት ቦይ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይመጣል። ፊት ለፊት ዝጋው፣ ቱቦውን አራግፈህ በአየር ንፋው። ይህንን ሳታደርግ የብየዳ ማሽን ካስነሳህ ከዚህ በታች ያለውን ባታነበው ይሻላል።

ወንበሩ ሥር እያለህ አንድ ነገር፦ የሻንሲ ቁጥሩ እዚያው ቦይ ላይ ነው የተመታው። በግራይንደር እንዳትነካው፣ በቀለምም አትሸፍነው። ለቦሎ ስትሄድ እሱን ነው የሚፈልጉት።

ከዚያ መኪናውን በብረት መቆሚያ ላይ አስቀምጥ፣ በክሪክ ብቻ ሥሩ አትግባ። ሞተሩን አውርድ። የካምቢዮ ዘይቱን አፍስስ። የፍሬን ቱቦና የእጅ ፍሬን ገመዱን ፍታ። የጎማውን ትልቅ ዳዶ ግን ጎማው መሬት እያለ ነው የምታላላው፣ 36 ቁጥር ነው፣ ረጅም ቱቦ ያስፈልገዋል። መኪናው ተነስቶ እያለ ከታገልከው ከመቆሚያው ይወርዳል።

አሁን ስፕሪንግ ፕሌቷ። እዚህ ላይ ቆም በል።

ቮልስ ኋላው ሞላ የለውም፣ ባሌስትራም የለውም። ተጠማዝዞ የሚሠራ ዘንግ ነው ያለው፣ ቶርሽን ባር። ስፕሪንግ ፕሌቷ የተጠመዘዘውን ዘንግ ይዛ ማረፊያዋ ላይ ተቀምጣለች። ስታያት የሞተች ብረት ትመስላለች፣ ነገር ግን ከማረፊያዋ ስታላቅቃት እንደ ወጥመድ ትዘላለች። ጣት አይደለም ክንድ ትሰብራለች። ከሥሯ ክሪክ አድርግ፣ ክሪኩን ከሻንሲው ጋር በሰንሰለት እሰረው እንዳይንሸራተት፣ ትንሽ አንሳት፣ ከማረፊያው አውጣት፣ ከዚያ ክሪኩን ቀስ እያልክ አውርደህ ኃይሏን አስጨርሳት። ፊትህንም እግርህንም ከሥሯ አርቅ። አጠገብህ የቆመ ልጅ ካለ አስወጣው።

ፕሌቷ ኃይሏን ጨርሳ ስትንጠለጠል ማዕዘኗን ለካ። ስልክህ ላይ ያለው የዲግሪ መለኪያ ይበቃል። መጀመሪያ የመኪናውን ወለል፣ የበሩን ሥር ለካ፣ ከዚያ ፕሌቷን፣ ልዩነቱን ጻፍ። ግራና ቀኙን ለየብቻ። ይህ ወረቀት ኋላ ያድንሃል። ዘንጎቹ የግራና የቀኝ ተብለው ምልክት አላቸው፣ አታቀያይራቸው። ጭረትም አታሳርፍባቸው፣ ከጭረቱ ነው የሚሰበሩት።

ጆሮዎቹን መበየድ

ሥራው በሙሉ እዚህ ነው። ሌላው ብሎን ማጥበቅ ነው፣ ከተሳሳትክ ትፈታዋለህ። ይሄ ግን ከተሳሳተ መኪናው ለዘላለም ጠማማ ነው የሚሄደው።

የኔ የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሽቷል። መኪናውን እዚሁ ከተማ ላለ አንድ ብየዳ ቤት ሰጠሁ፣ ጆሮዎቹን አሳየሁ፣ ወጣሁ። ስመለስ ብየዳው ያማረ ነበር፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ። አንዱ ጆሮ ግን ከሌላው 6 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሄዷል። መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ ጎኑን አዙሮ እንደ ሸርጣን ይሄድ ጀመር። የቀኙ ጎማ ውስጥ ውስጡን በጥቂት ሳምንት አለቀ። ሁሉንም ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛውን ግን ለክቼ ነው የሠራሁት።

እንዲህ አድርግ። ዕቃው የወጣበት አሮጌ ሻንሲ ከተገኘ፣ ጆሮዎቹ ከመቆረጣቸው በፊት ሦስት ልክ ውሰድ፦ ከጆሮው ቀዳዳ መሐል እስከ ቶርሽን ባር ቱቦው ጫፍ፣ ከጆሮው ቀዳዳ እስከ ካምቢዮው መያዣ ሹካ ብሎን፣ ከጆሮው ቀዳዳ እስከ መሐለኛው ቦይ። ሁለቱንም ጎን። ከዚያ ከጆሮ ወደ ተቃራኒው የሹካ ብሎን በሰያፍ ለካ። የግራ ሰያፍና የቀኝ ሰያፍ እኩል መሆን አለባቸው። ቤት የሚሠራ ግንበኛ መሠረት ሲዘረጋ ሁለቱን ሰያፍ የሚለካው ለምንድን ነው? ለዚሁ ነው።

አሮጌው ሻንሲ ካልተገኘ አርሙ ራሱ መለኪያህ ይሆናል። ስፕሪንግ ፕሌቷን በቦታዋ ግጠም፣ ያለ ቶርሽን ባር፣ በነፃ እንድትወዛወዝ። አርሙን ፕሌቷ ላይ ቀዳዳዎቹ መሐል አድርገህ እሰረው። ጆሮውን አርሙ ላይ ከነቡሹ (ከነላስቲክ ማቀፊያው) ግጠመው። አሁን ጆሮው ቱቦው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ እሱ ራሱ ይነግርሃል። አርሙን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሰው። ከታች እስከ ላይ ሳይጨናነቅ፣ ቡሹ ሳይጣመም የሚሄድበትን ቦታ ፈልግ። እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ ማጠፊያው ልክ ከሆነ በሩ በአንድ ጣት ይሄዳል። ግራውን ካገኘህ በኋላ የካርቶን ሞዴል ቁረጥ፣ ገልብጠህ ቀኙ ላይ ሞክረው።

ከዚያ ሲባጎና ቱምቢ አምጣ። ቱምቢውን ከፊት እግሩ መሐል፣ ከቦይው መሐል፣ ከካምቢዮው ሹካ መሐል አውርደህ መሬቱ ላይ በጠመኔ ነጥብ አድርግ። ሦስቱን ነጥብ በሲባጎ አገናኝ። ሦስቱ በአንድ መስመር ካልዋሉ ሻንሲህ ድሮ ተመትቷል ማለት ነው፣ መጀመሪያ እሱን አቃና። ከዋሉ የሁለቱን ጆሮ ቀዳዳ ደግሞ በቱምቢ አውርድና ከሲባጎው ያላቸውን ርቀት አወዳድር። እኔ የፈቀድኩት ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ጠዋት ፈጅቶብኛል፣ አልቆጨኝም።

አሁን ብየዳ። ቶርሽን ባሩና ጎማ ቡሹ ከቱቦው ውጪ መሆናቸውን አረጋግጥ። ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ነጭ ብረት ድረስ ፋቀው። ጆሮውን በሦስት በአራት ነጥብ ብቻ ያዘው። ቁም። አርሙን መልሰህ ግጠም፣ አወዛውዝ፣ ሰያፉን እንደገና ለካ። ልክ ከሆነ ከግራ 2 ሴንቲ ሜትር በይድ፣ ወደ ቀኝ ሂድ 2 ሴንቲ ሜትር በይድ፣ ተመለስ። አንዱን ጎን ባንድ ትንፋሽ ከጨረስከው ቱቦው ሙቀቱን ይዞ ይጎብጣል፣ የለካኸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ውሃ እንዳታፈስበት፣ በራሱ ይብረድ። በያጁ ከባድ ብረት የለመደ ሰው ይሁን፣ የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ ሰው እጁ ጥሩ ሊሆን ይችላል ግን ጥልቀቱ አይበቃም። ይህች ጆሮ ብትላቀቅ ጎማው አብሯት ነው የሚሄደው።

መልሶ መግጠም

ቶርሽን ባሩ ውስጠኛው ጫፉ 40 ጥርስ፣ ውጪኛው 44 ጥርስ አለው። በውስጡ አንድ ጥርስ ብታዞር 9 ዲግሪ ነው፣ በውጪው አንድ ጥርስ 8 ዲግሪ ከጥቂት። ስለዚህ ውስጡን አንድ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውጪውን አንድ ወደ ተቃራኒው ብታደርግ የምታገኘው ልዩነት ከ1 ዲግሪ በታች ነው። ፕሌቷ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነች ጫፏ ላይ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከጻፍከው ማዕዘን ጀምር፣ መሬት ላይ አውርደህ እይ፣ ከዚያ ጥርስ ቀይር። ሁለት ሦስት ጊዜ መፍታትህ አይቀርም። የራስህ ሻንሲ ላይ የኖረውን ዘንግ ነው መልሰህ የምታስገባው፣ የአዲሱ ሞዴል ዘንግ ርዝመቱ ይለያል። በጣም ዝቅ ማድረግ የምትወድ ከሆነ ደግሞ ስለ ደቻቱ ማሻገሪያና ስለ ሰፈርህ ድንጋይ አስብ።

ኩሽኔታው ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በአሮጌው አሠራር የጎማው ኩሽኔታ ከካምቢዮው ዘይት ይጠጣ ነበር። በአዲሱ አይደርሰውም። በግሪስ ነው የሚኖረው። የገዛኸው አርም ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ግሪሱ ሳሙና ሆኗል። አውጣው፣ እጠበው፣ በአዲስ ግሪስ ሙላው፣ ዘይት መያዣ ጎማዎቹን ቀይር።

ሲቪውን በነዳጅ እጠበው፣ ኳሶቹን ወደ ብርሃን አዙረህ እይ። ኳሱ የሚሄድበት መንገድ ላይ በጥፍርህ የሚነካ ጉድጓድ ካለ አትግጠመው። የሲቪ ጥቁር ግሪስ ለእያንዳንዱ 90 ግራም አካባቢ። ሲቪውን የሚሸፍነውን ላስቲክ አዲስ ግዛ። የድሬ ሙቀት አሮጌ ላስቲክ ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁ አሸዋ ያስገባል፣ አሸዋና ግሪስ ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ነው። የሲቪው ብሎኖች 35 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። ፍላንጁን በደንብ አድርቅ፣ ቅባት ካለበት ብሎኑ ይላላል። አርሙና ፕሌቷ የሚገናኙባቸው ብሎኖች 110 አካባቢ፣ የጆሮው ብሎን 120 አካባቢ።

ትልቁ የጎማ ዳዶ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። ይህን የሚለካ መፍቻ የሌለው ሰው እንዲህ ያድርግ፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሐል ግማሽ ሜትር ርቆ ቱቦው ላይ ቢቆም፣ ቱቦው አግድም ሆኖ፣ ያው 300 ነው። እየዘለለ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ክብደቱን አሳርፎ። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረህ አጥብቅ እንጂ መልሰህ አታላላ።

ፍሬኑ ላይ አጭር ልበል። ተጣጣፊው ቱቦ አሁን ከሻንሲው ወደ አርሙ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አርሙ ከላይ እስከ ታች ሲሄድ እንዳይወጠር፣ ከጎማውም እንዳይነካ። የእጅ ፍሬን ገመዱን ርዝመትም አረጋግጥ። አየሩን አስወጣ፣ ፔዳሉ ድንጋይ እስኪሆን። ካምቢዮውን በዘይት ሙላ፣ 3 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ 80 ወይም 90 ቁጥር።

አሰላለፍ

አርሙና ፕሌቷ የሚታሰሩበት ቀዳዳ ሞላላ የሆነው ለማስተካከያ ነው። ሲባጎ ከመኪናው ጎን ከፊት እስከ ኋላ ወጥር፣ ከመሐለኛው መስመር እኩል አርቀህ በሁለቱም በኩል። የኋላ ቸርኬውን የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ከሲባጎው ለካ። ሁለቱ እኩል ይሁኑ፣ ወይም የፊቱ ጠርዝ በጣም በጥቂቱ ወደ ውስጥ። ወደ ውጪ ከከፈተ ጥምዝ ላይ ኋላው ይሸሻል፣ የሸሸነው ደግሞ ከዚሁ ነው። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ 1 ዲግሪ አካባቢ ዘንበል ይበል። ይህን ሁሉ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ የሹፌሩ ቦታ ላይ ሰው ተቀምጦ፣ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፍተኸው ከረጋ በኋላ ለካ። ከክሪክ እንደወረደ የምትለካው ልክ ውሸት ነው።

መሞከር

መጀመሪያ ሳቢያን በኩል ሰፊው አስፋልት ላይ፣ በጠዋት፣ መንገዱ ባዶ እያለ። በ30 ሂድና እጅህን ከመሪው ላላ አድርግ፣ ቀጥ ይላል ወይ? ፍሬን ያዝ፣ ወደ አንድ ጎን ይስባል ወይ? ቀስ ብለህ ክብ ዙር። ቶክ ቶክ የሚል ከሰማህ ሲቪው ነው ወይ ያልጠበቀ ብሎን፣ ቤት ተመለስ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የሲቪውን ብሎኖች በሙሉ እንደገና አጥብቅ። ይላላሉ፣ ሁልጊዜ። ብየዳውንም በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ በባትሪ እየው፣ ፀጉር የምታክል መስመር ካለች መኪናው አይንቀሳቀስ።

ከዚያ ደንገጎ። ብቻህን አትሂድ፣ መፍቻህን ያዝ፣ 12 ሰዓት ላይ ተነስ። እስከ መገንጠያው ውጣ፣ ቁም፣ ሥሩ ግባ፣ ታምቡሮቹን በእጅህ ንካ። አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ኩሽኔታው ወይ ፍሬኑ ይዟል። ደህና ከሆነ ቀስ ብለህ ውረድ። መጀመሪያ ላይ እግርህ የድሮውን ፍርሃት ያስታውሳል፣ ጥምዙ ሳይደርስ ፍሬን ይፈልጋል። እኔ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሆን ብዬ፣ በ40፣ መሐሉ ላይ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። ኋላው ትንሽ ተቀመጠ፣ ጎማው አስፋልቱን እንደያዘ አለፈ። ድሬ ከታች በጭጋግ ትታይ ነበር። ቤት ስደርስ መኪናውን አነሳሁና ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ነካኋቸው። የግራው የውስጥ ሲቪ ላይ ሁለት ብሎን ሩብ ዙር ወስዷል፣ አጠበቅኩት።